«ያረጀ ልብስ ይዘህ ና»፦ ከማሲንቆዬ ጋር ከአምስተርዳም እስከ ዴን ሃግ

ሆላንድ ሄጄ መመለሴን የማያውቅ የካዛንቺስ ሰው ካለ፣ ያ ሰው ትናንት የተወለደ መሆን አለበት። ለሁሉም አውርቻለሁ። ሊስትሮው ሰምቷል፣ የንስሐ አባቴ ሰምተዋል፣ የሚጠላኝ ጎረቤቴም በአጥር በኩል ጆሮውን አሹሎ ሰምቷል። አሁን በወረቀት ላሰፍረው የተነሳሁት ሰው በቃል የነገርኩትን እየጨመረበት ስላስቸገረኝ ነው። አንዱማ «ይርጋ በሆላንድ ቤተ መንግሥት ዘፈነ» ብሎ አስወርቷል። አልዘፈንኩም። የዘፈንኩት ለዓሣ ሻጭ ነው፤ እሱንም ሳላውቅ ነው።

ነገሩ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ የሆነ ነው። አንድ ፂሙ እንደ በርበሬ የቀላ ሰውዬ ማሲንቆ ከምመታበት ቤት ሦስት ቀን ተከታትሎ መጣ። ስሙ ሄንክ ነው። ሥራው ሲተረጎምልኝ አላመንኩም፦ ሰውዬው የጥንት ዘመን ገበያ ያቆማል። ከከተማ ከተማ እየዞረ ሜዳ ላይ ድንኳን ይተክላል፤ ሠራተኞቹ የዛሬ አምስት መቶ ዓመት ይለበስ የነበረውን ለብሰው ይሸጣሉ፣ ይዘፍናሉ፣ በፈረስ ይጋጠማሉ፤ ከተሜው ደግሞ ትኬት ቆርጦ ገብቶ ያያቸዋል። እሱ ራሱ ዘውድ ደፍቶ ንጉሥ ይሆናል። ማሲንቆዬን ሲያይ የጎደለው ይህ እንደሆነ ተናገረ፤ ከሁለት ወር በኋላ ደብዳቤ ደረሰኝ።

ደብዳቤው በአማርኛ ነበር። የጻፈችው ሰናይት የምትባል፣ ከሄንክ ጋር የምትሠራ የኛው ልጅ ናት። ፊደሏ ገና ዳዴ ይላል። «ጋሽ ይርጋ፣ ወደ ሆላንድ ና። ለአሥር ቀን ነው። ማሲንቆ አምጣ። የምትሸጠው ነገር አምጣ። ያረጀ ልብስ ይዘህ ና። አዲስ ልብስ ክልክል ነው።»

አንተ መባሌን ቻልኩት፤ ፈረንጅ አገር ያደገ ልጅ አንቱታን ከየት ያመጣል? «ያረጀ ልብስ» ግን አንጀቴን አሳረረው። አዝማሪ ስለሆንኩ ቡትቶ ለብሼ ልምጣ? እልህ ያዘኝና መርካቶ ወርጄ ግራጫ ሱፍ አሰፋሁ፣ ከረባት ጨመርኩበት። የድሮ ጋቢዬን ለብርዱ ብቻ ብዬ ከሻንጣው ሥር አኖርኩት። ለሽያጭ ደግሞ ስድሳ የዝንብ ጭራ ያዝኩ፤ ከምርጥ የፈረስ ጭራ የተሠራ፣ እጀታው ቀንድ የሆነ።

ሐሙስ ዕለት አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ሸኘኝ። ሴቶቹ ዘመቻ የምሄድ ይመስል አለቀሱ። ዓርብ ጠዋት አምስተርዳም ስደርስ ሻንጣዬን የከፈተው የጉምሩክ ሰው ስድሳ ጭራ ሲያይ ዓይኑ ፈጠጠ። ቋንቋ ስላልነበረኝ አንዱን አንስቼ ፊቴ ላይ ወዲያና ወዲህ አወናጨፍኩለት። ግራ ገባው። ዝንብ ሳሳየው ይገባዋል ብዬ በአዳራሹ ዙሪያ ዝንብ ፈለግኩ። አንድም የለም። ዝንብ የሌለበት አገር የዝንብ ጭራ ጭኜ መምጣቴ ያን ጊዜ ገባኝ። ሰውዬው ጓደኛውን ጠራና ደግሜ እንዳሳይ በምልክት ለመነኝ፤ ደገምኩላቸው፣ ሁለቱም ስቀው አሳለፉኝ። ለአውሮፓ ሕዝብ ያቀረብኩት የመጀመሪያው ትርኢት ይኸው ነው።

መውጫው ላይ አንዲት ረጅም የቀይ ዳማ ልጅ ስሜን በአማርኛ የጻፈችበት ካርቶን ይዛ ቆማለች። አጠገቧ ስቆም በትከሻዬ አሻግራ ሌላ ሰው ትፈልጋለች።

«ሰናይት ነሽ?» አልኳት።

ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። «አንተ ነህ እንዴ? ልብስህ የታለ?»

«ይኸው የለበስኩት!»

«ኔ፣ ኔ! ይሄ አዲስ ነው። ያረጀ አላልኩህም? ሄንክ ይጮሃል። የድሮ ሰዎች የሚለብሱት ነው ያልኩህ፣ የንጉሥ ጊዜ ምናምን።»

«የጥንት ማለትሽ ነው?»

«ያረጀና የጥንት ይለያያል እንዴ?»

«ልጄ፣ እኔ አርጅቻለሁ፤ የጥንት ግን አይደለሁም» አልኳት። በባቡር እስክንደርስ ድረስ ሳቀች። ስምንት ዓመት ሲሆናት ከአዲስ አበባ የወጣች፣ አባቷ ኤርትራዊ፣ ሟች እናቷ የደብረ ብርሃን ሰው የሆኑ፣ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ናት። «ኔ» በእነሱ ቋንቋ «አይ» ማለት ነው፤ ከአፏ አይጠፋም።

ሄንክ ሱፌን አይቶ እውነትም ጮኸ። ከሻንጣው ሥር ጋቢዬን አውጥቼ ስከናነብ ግን ዘውዱን አውልቆ እጅ ነሳኝ። እኔ በየእሁዱ ለቤተ ክርስቲያን የምለብሰው እዚያ የአምስት መቶ ዓመት ልብስ ነው። ሱፌ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከምተኛበት ጋሪ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀረ፤ አውሮፓን ያየው ከምስማር ላይ ሆኖ ነው።

ቅዳሜ አምስተርዳም መናፈሻ ውስጥ ገበያው ተከፈተ። ምን ልበላችሁ፣ እንግሊዝ ኤምባሲን አልፎ ካለ የገጠር ገበያ ብትሄዱ ያንኑ በነፃ ታያላችሁ። ሸማ ይሠራል፣ ብረት ይቀጠቀጣል፣ ሰም ይቀልጣል፣ ውኃ በባልዲ ይቀዳል። ልዩነቱ እዚያ ሰው ውኃ ሲቀዳ ይጨበጨብለታል። ከጎኔ ያለው ጋሪ ጥሩር የሚሉትን የብረት ልብስ የለበሰ የአንድ ፈረሰኛ ነበር፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ግብር መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው፣ ቅዳሜና እሁድ ባላባት ይሆናል። በኛ አገር ሁለቱ አንድ ሥራ እንደነበሩ ባስረዳው ደስ ባለኝ፣ ግን ቋንቋው አልተገኘም።

ምሳ ሰዓት ንጉሡ ሁሉም በእጁ እንዲበላ አዘዘ፤ የጥንት ሰው ሹካ አያውቅም ተብሎ ነው። ፈረንጆቹ ጣታቸውን እየላሱ ደስታቸውን አልቻሉትም። እኔ ደግሞ አውሮፓ ድረስ መጥቼ በእጄ አልበላም፣ ሹካ አምጡልኝ ብዬ አስቸገርኩ። ሰናይት በመካከል ተርጓሚ ሆና ስትንገላታ ቆይታ በመጨረሻ ከቀሚሷ ኪስ የፕላስቲክ ሹካ አውጥታ በጋቢዬ ውስጥ ደብቃ ሰጠችኝ። ተከናንቤ በላሁ።

የዝንብ ጭራዎቼም ተፈላጊ ሆኑ። ሴቶቹ እያገላበጡ አይተው የቴሌቪዥን አቧራ ማራገፊያ መሆኑን ራሳቸው ወሰኑ። ምን ቸገረኝ፣ በእነሱው ቋንቋ «ያ፣ ያ»፣ አዎ አዎ፣ እያልኩ ሸጥኩ።

ሰናይት ምን እንደምትሠራ ያየሁት ያን ዕለት ነው። አንድ ሜትር የሚሆን እንጨት በሁለት እግሮቿ ሥር ታስራለች፣ እስከ መሬት የሚደርስ አረንጓዴ ቀሚስ ትለብሳለች፣ ከዚያ ከሕዝቡ ራስ በላይ እየተራመደች አበባ ትበትናለች፣ የቤቶቹን ሁለተኛ ፎቅ ሰላም ትላለች። አንዴ እንኳ አትደናቀፍም። በኛ አገር ደጃዝማች እንኳ እንዲህ ከፍ ብሎ አልሄደም። ከሰዓት በኋላ እንጨቱን ፈታ ጋሪው ደረጃ ላይ ተቀምጣ ያበጠ ቁርጭምጭሚቷን ስታሽ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ዴን ሃኽ ስንሄድ አባቴ ቤት ነው የምታድረው» አለችኝ። እኛ በሬዲዮ ዘ ሄግ የምንለውን ከተማ እነሱ እንዲህ ከጉሮሯቸው ይጠሩታል። «እሺ ብሏል። እንግዳ ይወዳል። እኔን ግን አያየኝም።»

«ዓይናቸውን ያማቸዋል?»

«ኔ! እንጨት ላይ ስሄድ አያየኝም። ሁለት ዓመት ሆነው። ትምህርቴን አቁሜ እዚህ ስገባ ‹አዝማሪ ሆንሽ› አለኝ።» ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «አዝማሪ ስድብ ነው እንዴ?»

በአርባ ዓመት ሥራዬ ይህን ጥያቄ እንዲህ ፊት ለፊት የጠየቀኝ የለም። «እንደ ተናጋሪው ነው» አልኳት።

«የሚመጣው ቅዳሜ አምጣልኝ። ከቤቱ በእግር አሥር ደቂቃ ነው። አንድ ቀን ይየኝ፣ ከዚያ ይስደበኝ።»

አመጣቸዋለሁ ብዬ ማልኩላት። መሐላ ለአዝማሪ ቀላል ነው።

ረቡዕ ሮተርዳም ነበርን፣ ወንዙ ዳር። ነፋሱ ጋቢዬን ሸራ አድርጎ ሊወስደኝ ነበር። ሮተርዳም ሕንጻው ሁሉ አዲስ ነው፤ መርከቡ፣ የመርከብ ማራገፊያው ብረት፣ ሁሉም ሰማይ ጠቀስ ነው። የውርደቴ ቦታም እዚያ ነው።

እንደምታውቁት አዝማሪ ቤት የገባ ሰው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሲሰጥ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜማል። ሕጋችን ነው። የሰጡትን ቃል አልቀበልም ማለት ነውር ነው። ሰናይት ይህን ልማድ ለሕዝቡ አስረድታ ስለነበር፣ ከጎኔ ጥሬ ዓሣ የሚሸጥ ቦርጫም ሰውዬ መጥቶ በጆሮዬ አንድ ሁለት መስመር በቋንቋው ነገረኝ። ደግሞ ነገረኝ። ያዝኩት። እኔ ጆሮዬን አልታማም፤ ቃል በቃል፣ ያንን የጉሮሮ ኽኽታቸውን ሳይቀር፣ በአንቺ ሆዬ ቅኝት ለቀቅኩት።

ሕዝቡ አበደ። ሆዱን ይዞ ሳቀ። ደገምኩት፣ ሰለስኩት። በስተመጨረሻ ሕዝቡ ሁሉ ከፊቴ ተነስቶ ዓሣው ጋ ሄዶ ተሰለፈ። በካዛንቺስ ታሪክ እንዲህ የተጨበጨበለት አዝማሪ የለም ብዬ ደረቴን ነፍቼ ቆምኩ። ሰናይት በእንጨቷ እየገሰገሰች መጣች።

«ጋሽ ይርጋ፣ ምን እያልክ እንደሆነ ታውቃለህ?»

«ግጥም ነዋ።»

«‹እኔ የተራብኩ ድመት ነኝ፣ ለዚህ ነው የምጮኸው፤ ከዚያ ሰውዬ ዓሣ ግዙልኝና ዝም ልበል› ነው የምትለው።»

ጭራዬን እያወናጨፍኩ ሰውዬው ጋ ሄድኩ። ልጣላው ነበር። እሱ ግን ሁለት እጁን ዘርግቶ አቀፈኝ፣ በርሜሉ ላይ አስቀመጠኝ፣ አንድ ዓሣ በጭራው አንጠልጥሎ፣ አንጋጥጬ እንድውጠው አሳየኝ። ጥሬ ነው፤ ሽንኩርት ብቻ ተነስንሶበታል። ቁርጥ እየበላ ያደገ ሰው በጥሬ ዓሣ ለመጸየፍ ምን አፍ አለው? ዋጥኩት። ሦስት ዋጥኩ። ዕለቱ ጾም በመሆኑ ዓሣ ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለውን ክርክር ለንስሐ አባቴ ትቼዋለሁ። እስኪመሽ ድረስ ያንኑ ዘፈን እያወቅኩ ዘፈንኩለት።

ሐሙስ ቡድኑ ዕቃ ሲጭን እኔ ቀድሜ በባቡር ወደ ዴን ሃግ እንድሄድ ተደረገ። ሰናይት የምወርድበትን ጣቢያ በወረቀት ጻፈችልኝ። ግን በሌላ ባቡር ገባሁ፤ ምቾቱ ደግሞ እንቅልፍ ያመጣል። ስነቃ ዞተርሜር የምትባል አዲስ ከተማ ነኝ። ቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ሰክሮ የሚገባ ሰው ያለ ጥርጥር የጎረቤቱን ሚስት ይቀሰቅሳል። በብስክሌት የምታልፍ አንዲት ሽበታም ሴትዮ ወረቀቴን አይታ ወረደች፣ የጭራ ከረጢቴን ከብስክሌቷ ወንበር ላይ ጫነች፣ ብስክሌቱን እየገፋች ጣቢያው ድረስ አብራኝ ሄደች፣ ሾፌሩን በእኔ ምክንያት ተቆጥታ አሳፈረችኝ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኩም። አንድ ጭራ ሰጠኋት።

የአቶ ተክሌ ቤት ላክ በሚባል ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነው። ከየአገሩ የተሰደደ ሰው የሞላበት ሰፈር ነው፤ የሁሉም ዘመድ በስልክ የሚለውን ነው ሰፈሩም የሚለው፦ ላክ! አቶ ተክሌ የሰናይት አባት ናቸው። ቀጭን፣ አጭር፣ ባለ መነጽር። አዲስ አበባ የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ፤ እዚህ ጡረታ እስኪወጡ ሮተርዳም ወደብ ላይ ኮንቴይነር ሲመዘግቡ ኖረዋል። ደረጃው ደረጃ አይደለም፣ መሰላል ነው። ማሲንቆዬን እሳቸው ተሸከሙ፣ እኔን ከኋላ ገፉኝ።

«ይግቡ፣ ጋሽ ይርጋ፣ ቤት ለእንግዳ ነው» አሉ። አልጋቸውን ለቀቁልኝ፣ እሳቸው ሶፋ ላይ ሊተኙ። የሱፍ ካልሲያቸውን በራሳቸው እጅ አጠለቁልኝ። እራት ልክ በአሥራ ሁለት ሰዓት፤ በኛ አገር በዚህ ሰዓት መክሰስም አልተበላ። ምግቡ ድንችና ጎመን አብሮ የተፈጨበት ስታምፖት የሚሉት ነገር ነው፤ አቶ ተክሌ ግን በርበሬ ነስንሰው ዜግነቱን አስቀይረውታል።

«ልጆች አሉዎት?» ብዬ አውቄ ጠየቅኩ።

«አንዲት ነበረችኝ። አዝማሪ ሆና ቀረች» አሉ። ወዲያው ማንን እንዳስቀመጡ ትዝ አላቸው። ማንኪያቸው በአየር ላይ ቀረ። «ማለቴ፣ እርስዎን አይደለም… የእርስዎማ ሙያ ነው…» እያሉ ከድስቱ ትልቁን ሥጋ አውጥተው ሳህኔ ላይ አኖሩት። ቀጥለው ሌላም ጨመሩ። በዕድሜዬ ብዙ ተሰድቤአለሁ፤ በስድብ ላይ ሥጋ ሲጨመርልኝ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ዕድሉን ልጠቀምበት ብዬ «ስለ ሰናይት አንድ ነገር…» ስል እጃቸውን አነሱ። ከደረት ኪሳቸው ትንሽ የቀን መቁጠሪያ ደብተር አወጡ። «ጋሽ ይርጋ፣ እዚህ አገር እንዲህ ያለ ከባድ ጉዳይ ያለ አፍስፕራክ አይነሳም። ቀጠሮ ማለት ነው። ነገ ጠዋት አራት ሰዓት ይመችዎታል?» ጻፉኝ።

ዓርብ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ በአንድ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተቀመጥን። ዳቦ በቅቤ በላን። ስለ ዝናብ አወራን። ስለ ዝናብ የሚወራው ሲያልቅ ዝናቡን አየን። አራት ሰዓት ሲሞላ ሰዓታቸውን አይተው «እሺ፣ ይጀምሩ» አሉኝ።

«ነገ ይምጡና ልጅዎን ይዩ። ያለችኝ ይኸው ነው።»

ደብተሩን ከፍተው ፊታቸው አኖሩ። «እናቷ ስትሞት አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር» አሉ። «በዝናብ የቆምኩት እሷ መሐንዲስ ትሆናለች ብዬ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል? እንጨት ላይ ቆማ ትሄዳለች ልበል?»

«ምን ይሏቸዋል?»

«ከፍ ያለ ቦታ ደርሳለች እላለሁ።»

ምላሴን ነከስኩ፣ ግን አመለጠኝ። «ይሄማ ውሸት አይደለም።»

አልሳቁም። «አስመራም አዲስ አበባም ለዘመድ ሁሉ በየስልኩ አምቻታለሁ። ልጄን ለባዕድ አማሁ! እንዲህ አደረገችኝ። አንገቴን አስደፋችኝ፣ ጋሽ ይርጋ። አልሄድም።» ደብተሩን ከደኑ። አራት ተኩል ሆኖ ነበር፤ ቀጠሮው አለቀ። ከዚያ ጃንጥላ ይዘው ባሕሩን ሊያሳዩኝ በትራም ወሰዱኝ፤ ስለ ልጅቱ አንድም ቃል አልተነፈሱም። ባሕሩን እያየሁ ለሰናይት ምን እንደምላት ሳስብ አዘንኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ከቤት ስወጣ የማሲንቆዬን ደጋን ከኮት መስቀያው ኋላ አቁሜ ሄድኩ። ረሳሁት እንዳልል ንስሐ ገብቼበታለሁ። አውቄ ነው የተውኩት። ሰውዬውን በሁለት ቀን አጥንቻቸዋለሁ፤ ከልጃቸው ጋር ሁለት ዓመት መኳረፍ ይችላሉ፣ እንግዳቸው ሲዋረድ ዝም ብሎ ማየት ግን አይችሉም።

ሜዳው ላይ ስደርስ ግብር ሰብሳቢው ፈረሰኛ ከጥሩሩ ውስጥ የስልክ ካርድ አውጥቶ አበደረኝ። ጋቢ ለብሼ መንገድ ዳር ካለው የስልክ ሳጥን ገባሁ።

«አቶ ተክሌ፣ ጉድ ሆኛለሁ! ደጋኔን ቤት ረስቻለሁ።»

«ስንት ሰዓት ነው የሚጫወቱት?»

«ስድስት ሰዓት።»

«ለስድስት ሰዓት አሥር ጉዳይ ሲሆን እደርሳለሁ። በር ላይ እሰጥዎታለሁ። አልገባም።»

እንዳሉት ደረሱ። እኔ ግን በሩ ጋ አልነበርኩም፤ ከገበያው መጨረሻ ድንኳን አጠገብ ነበርኩ። በረኛው ደግሞ በዘመኑ ልብስ ማንም አይገባም ብሎ ከዝናብ ኮታቸው በላይ ቡናማ የመነኩሴ ካባ ከነቆቡ አጠለቀባቸው። በጭቃው መካከል፣ ቆቡ እስከ መነጽራቸው ወርዶ፣ ደጋኔን እንደ ጧፍ ቀጥ አድርገው ይዘው መጡ። መነጽራቸው በካፊያው ተጋርዷል።

«ይኸው። ደህና ይዋሉ» ብለው ዞሩ። ሁለት እርምጃ ሄደው ቆሙ። የዳቦ ሻጯን ፊት አዩ፣ የሻማ ሠሪዋን ፊት አዩ። «የታለች?» አሉ፣ ለእኔም ለማንም ሳይሆን። መነጽራቸውን አውልቀው አጠገባቸው በተንጠለጠለ አረንጓዴ የድንኳን ጨርቅ ጠረጉት። ደህና አድርገው ጠረጉት፣ ሁለቱንም መስታወት። ጨርቁ የድንኳን አልነበረም። የሰናይት ቀሚስ ነው።

እሷ ከላይ ሆና ቆባሙን መነኩሴ አላወቀችውም። እኔ በደጋኑ ወደ ላይ ጠቆምኩ። አቶ ተክሌ ቀና አሉ፣ ቆቡ ወደ ኋላ ወደቀ፣ አባትና ልጅ ተያዩ። በእንጨት ላይ ዝም ብሎ የቆመ ይወድቃልና፣ ሰናይት እንደሚያረግድ ደብተራ ባለችበት ቀኝና ግራ ትወዛወዛለች። ንግግር ከእኔ የሚጠበቅ መሰለኝ። እኔ ያለኝ ማሲንቆ ነው።

ምን ትፈልጋላችሁ፣ ታች ምን አላችሁ፣
ሰናይት ከላይ ነች አንገት ካላችሁ።

አቶ ተክሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይቀበሉ!» አሉ።

አንባቢ ሆይ፣ «ተቀበል» ነው የሚባለው። ሚኒስትርም ሹፌርም አዝማሪን «ተቀበል» ነው የሚለው። በአርባ ዓመት አንድ ሰው «ይቀበሉ» ብሎኝ አያውቅም። ደጋኑን አስተካክዬ ያዝኩ። እሳቸው በአስተማሪ ድምፃቸው፣ ሰሌዳ ላይ እንደሚጽፉ ቃል በቃል ሰጡኝ፣ እኔም ተቀበልኩ፦

ልጄን በየስልኩ ዕለት ዕለት ሳማት፣
ፈጣሪ ከራሴ ከፍ አርጎ አቆማት።

ሰሙ ዘመድ በስልክ «ልጄን ሳማት፣ ሳምልኝ» እንደሚባባለው፣ የመሳም «ሳማት» ነው። ወርቁን የምናውቀው እኔና እሳቸው ብቻ ነን፤ እሱም የማማት «ሳማት»፣ ሐሜቱ ነው። ሰናይት ከአማርኛዋ የያዘችው ሰሙን ነው።

«ሳማት አልክ?» አለች፣ ወደ አባቷ አዘቅዝቃ። «እና ሳመኛ!»

እንዴት ይሳሟት? ጉንጯ ባንዲራዎቹ ጋ ነው። ጎንበስ ካለች ትወድቃለች። አቶ ተክሌ በጣታቸው ጫፍ ቆሙ፣ ተንጠራሩ፣ ፊታቸው የደረሰው ጉልበቷ ጋ ነው። እንጨቱንም ቀሚሱንም ባንድ ላይ አቀፉና ጉልበቷን ሳሙ። አንዴ ስመው ቀና አላሉም።

በኛ አገር ጉልበት የሚስመው ልጅ ነው፤ ወይም የበደለ ሰው የበደለውን ነው። አባት የልጁን ጉልበት ሲስም አይቼ አላውቅም። ማሲንቆዬን አወረድኩ። አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ። ሰናይት ከላይ እጇን ዘርግታ የአባቷን ራስ በጣቶቿ ጫፍ ብቻ ትነካለች፣ እንባዋ በመላጣቸው ላይ ይወርዳል፣ እንዳትወድቅ ደግሞ መወዛወዟን አላቆመችም።

ሕዝቡ የትርኢቱ ክፍል መስሎት በጭብጨባ ሜዳውን አናጋው። ሄንክ ዘውዱን ይዞ እየሮጠ መጣና አቶ ተክሌን በሁለት እጁ ጨብጦ አንድ ነገር አጥብቆ ለመናቸው። እሳቸው መነጽራቸውን አስተካክለው በቋንቋው ባጭሩ መለሱለት። ሰናይት እዚያው ከላይ ሆና በሳቅ ልትወድቅ ደርሳ የድንኳኑን ምሰሶ ያዘች።

«ምን አለው?» አልኳት።

«ሄንክ በአሥር ሰዓቱ ትርኢት ይህንኑ እንዲደግመው ለመነው።»

«እሳቸውስ?»

«‹እሷን ጠይቃት፤ አለቃዬ እሷ ናት› አለው።»

በአሥር ሰዓቱ ትርኢት አቶ ተክሌ ካባቸውን ለብሰው፣ ከሰዓቱ አምስት ደቂቃ ቀድመው፣ ቀና ብለው ቆመው ነበር።